«ሂዝ ኤ ሬብል» (He's a Rebel) የተባለውን የአሜሪካ ዘፈን የዘፈነችው ማን ናት?

ድምፁ የአሜሪካዊቷ ዘፋኝ የዳርሊን ላቭ ነው። ሸክላው ላይ «ዘ ክሪስታልስ» የሚል የሴቶች ድምፃዊ ቡድን ስም ቢጻፍም፣ የቡድኑ ልጆች አንዳቸውም ቀረጻው ውስጥ የሉም። የመድረክ ቪዲዮአቸውን አይተህ «ድምፁ አልገጥም አለኝ» ካልክ ልክ ነህ፤ ጆሮህ አልሸወደህም።

ጊዜው 1962 እ.ኤ.አ. ነው። ፕሮዲውሰሩ ፊል ስፔክተር ሎስ አንጀለስ፣ ልጆቹ ኒውዮርክ ነበሩ። ዘፋኟ ቪኪ ካር ያንኑ ዘፈን ለሌላ ኩባንያ እየቀዳች ስለነበር ስፔክተር መቅደም ፈለገ። እዚያው የነበሩትን ላቭንና «ብሎሰምስ» የተባለው ቡድኗን ጓደኞቿን ስቱዲዮ አስገብቶ ቀዳና በክሪስታልስ ስም አወጣው። ዘፈኑ በአሜሪካው የዘፈኖች ደረጃ ሰንጠረዥ፣ በቢልቦርድ፣ 1ኛ ሆነ። ላቭ የደረሳት የቀረጻ ክፍያዋ ብቻ ነው። ዓይን ያወጣ ነገር ነው መቼም!

ደራሲውን ለማወቅ ግን ብዙ አትደክምም። ሸክላው ላይ ከርዕሱ ስር ያለውን ስም እይ፤ ጂን ፒትኒ ይላል። እሱ ራሱም የታወቀ ዘፋኝ ነበር።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ። ይህን ታሪክ የሰማ ሰው የክሪስታልስን ዘፈን ሁሉ ለላቭ ሲሰጥ ደጋግሜ አይቻለሁ። ቀጥሎ የወጣው «ሂዝ ሹር ዘ ቦይ አይ ላቭ» አዎ፣ የእሷ ነው። «ዳ ዱ ሮን ሮን» ላይ የምትሰማት ግን የቡድኑ አባል ላላ ብሩክስ ናት።