የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ፦ ከሰፈር ሱቅ ስንገዛ

ጥያቄ፦ ከሰፈራችን ሱቅ የምገዛው 1 ኪሎ ስኳር ቤት ስመዝነው ሁልጊዜ ይጎድላል። ባለሱቁን ለዓመታት አውቀዋለሁ፤ በከንቱ መጠርጠር አልፈልግም። ምን ላድርግ? (ከኮተቤ)

መልስ፦ አለመቸኮልዎ መልካም ነው። ጉድለት ሁሉ ስርቆት አይደለም፤ የተሳሳተው የቤትዎ ሚዛን ሊሆንም ይችላል። ያልተከፈተ ባለ 1 ሊትር የታሸገ ውሃ ይጫኑበት። የጠርሙሱ ክብደት ስለሚጨመር ከ1 ኪሎ ጥቂት ግራሞች ከፍ ማለት አለበት። ከዚያ ያንኑ ጠርሙስ ሱቅ ወስደው ያስመዝኑ። የሁለቱ ንባብ ከተለያየ ልዩነቱ የት እንዳለ ያውቃሉ።

ዲጂታል ሚዛን የሚሳሳተው በአብዛኛው ባትሪው ሲደክም፣ ጠረጴዛው ዘንበል ሲል ወይም ሳህኑ ከጎኑ የተደረደረ ካርቶን ሲነካ ነው። ዕቃ ከመጫኑ በፊት ዜሮ ማንበቡን ይዩ። በጣሳ ወይም በሳህን የሚመዝን ከሆነ ባዶው ዕቃ መጀመሪያ ተጭኖ ዜሮ ይደረግ። ሱቁ የሚጠቀመው ባለ ሁለት ሳህን ሚዛን ከሆነ ደግሞ ስኳሩንና የብረት መመዘኛውን ቦታ ያቀያይሩ፤ ሲቀያየሩ ሚዛኑ ካጋደለ ክንዶቹ እኩል አይደሉም። ቅመም ላይ ግን የባሰ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሚዛኑ በ5 ግራም እየዘለለ የሚያነብ ከሆነ 50 ግራም ኮረሪማ ላይ አንዷ እርከን ብቻ አንድ አሥረኛ ናት። እንዲህ ያለውን በርከት አድርጎ መግዛት ይሻላል።

ጉድለቱን ካረጋገጡ ሌላ ገዢ በሌለበት ሰዓት ለብቻው ይንገሩት። ሰው ፊት የተነገረ ሰው ሚዛኑን ከማስተካከል ይልቅ ስሙን ለማዳን ይከራከራል።

ጥያቄ፦ ለልጆቼ ስል በዐቢይ ጾምም እንቁላል እገዛለሁ፤ አንዳንዱ ሲሰበር ይሸታል። ሳልሰብረው መለየት ይቻላል? (ከአዳማ)

መልስ፦ ይቻላል። በ55ቱ የጾም ቀናት ገዢ ስለሚቀንስ እንቁላል ሱቅ ውስጥ ይሰነብታል፤ በአዳማ ሙቀት ደግሞ ቶሎ ያረጃል። ሱቁ ውስጥ ሳሉ ጆሮዎ አጠገብ ቀስ አድርገው ይነቅንቁት፤ የሚንቦጫረቅ ከሆነ ይተዉት። ቤት ሲደርሱ ጥልቅ ዕቃ ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ ሞልተው ይክተቱት። ከሥር በጎኑ የሚተኛው ትኩስ ነው። ከሥር ሆኖ የሚቆመው ሰንብቷል፤ በደንብ ቀቅለው ቶሎ ይጠቀሙበት። የሚንሳፈፈውን ይጣሉት። ምክንያቱ ቅርፊቱ በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች ስላሉት ነው፤ ውስጡ ያለው እርጥበት በተነነ ቁጥር በምትኩ አየር ይገባና እንቁላሉ ይቀላል።

ያም ሆኖ እያንዳንዱን መጀመሪያ ስኒ ውስጥ ይስበሩት፤ አንድ የተበላሸ ሙሉውን መጥበሻ ያስደፋል። ለማስቀመጥ ብለው አይጠቡት፤ ውሃ የቅርፊቱን መከላከያ ሽፋን ያነሳዋል። ከሁሉ የሚጠቅመው ግን እንቁላሉ ሱቁ የሚገባበትን ቀን ጠይቆ በዚያው ቀን መግዛት ነው።

ጥያቄ፦ ጀሪካን ዘይት ገዝቼ ጠዋት ረግቶ አገኘሁት። ተበላሽቷል? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ፓልም ዘይት ከሆነ አልተበላሸም፤ በብርድ መርጋት ጠባዩ ነው። ጀሪካኑን እንደተከደነ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ያቆዩትና ወዝውዘው ይቅዱ። ብልሽትን የሚነግርዎ የከረረ ሽታና ጣዕም ነው።

ጥያቄ፦ በዱቤ እንወስዳለን፤ ወር ሲያልቅ የእኛና የባለሱቁ ሂሳብ አይገጥምም። (ከጎንደር)

መልስ፦ ደብተሩ ሁለት ይሁን፤ አንዱ እርስዎ ጋ፣ አንዱ ሱቁ ውስጥ። ዕቃው በተወሰደበት ቅጽበት ቀኑ፣ ዓይነቱ፣ መጠኑና የዕለቱ ዋጋ በሁለቱም ይጻፍ። ብዙ ጊዜ ጠብ የሚያስነሳው ዋጋው ነው፤ በወሩ መጀመሪያ የተወሰደ ዘይት በወሩ መጨረሻ ዋጋ ከታሰበ ድምሩ አይገናኝም። ልጅ ሲልኩ ደብተሩን አስይዘው ይላኩ። ከፊሉን ሲከፍሉ የቆየውን መስመር አይሰርዙ፤ የተከፈለውንና ቀሪውን ከሥሩ ይጻፉ። በቴሌብር ከከፈሉ የክፍያውን መለያ ቁጥር እዚያው መስመር ላይ ያስፍሩት።