ከ9 ሰዓት በኋላ እጄን የሚይዝልኝ አጣሁ

ጥያቄ፦ በጾም እስከ 9 ሰዓት ምንም አልቀምስም። ከቀመስኩ በኋላ ግን መተው ያቅተኛል። ከእንጀራው ወደ ቦምቦሊኖና ብስኩት እሻገራለሁ፤ ሰው እንዳያየኝ ጓዳ ገብቼ፣ ሆዴ እስኪወጠር። ሻይ በቀን ስድስት ብርጭቆ እጠጣለሁ፣ በአራት አራት ማንኪያ ስኳር። ስኳርን ሁለቴ እርም ብዬ ሳምንት ሳይሞላኝ አገረሸብኝ። ሱስ ይሆን? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ስኳር እንደ አልኮል ሱስ ያስይዛል ወይ በሚለው ላይ ባለሙያዎች አልተስማሙም። ራስን መግታት እስኪያቅት መብላት ግን የታወቀ ሕመም ነው፤ ቢያንስ በሳምንት አንዴ እየተመላለሰ 3 ወር ከዘለቀ ሐኪም ሊያየው ይገባል። ሆዳምነት አይደለም።

እኛ ግን ከስኳሩ ይልቅ የምንጠረጥረው ባዶውን ሰዓት ነው። ብዙ የተራበ ሰው ሲያገኝ አይመጥንም፤ እርም ማለትም በረሃቡ ላይ ሌላ ረሃብ መጨመር ነው። ስለዚህ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ስኳሩን ሳይቀንሱ እንዳለ ይተዉት፣ ማዕዱን ብቻ ያስተካክሉ። ሲፈቱ በሻይ አይጀምሩ። ውኃ ይጠጡና እንጀራ በሽሮ ወይም በምስር ይብሉ፣ 12 ሰዓት ላይ አሹቅ ወይም ንፍሮ፣ ማታ 2 ሰዓት ተኩል እራት፤ ሁሉንም ቁጭ ብለው፣ ከሰው ጋር። ያበዙ ቀን «ዛሬስ በቃኝ» ብለው እራቱን አይዝለሉ፤ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፣ የተዘለለው እራት የነገውን ጓዳ ያመጣል። ስለ ጾሙ ሰዓት የንስሐ አባትዎን ያማክሩ፤ ለታመመ ማቅለል አዲስ ነገር አይደለም።

ከዚያ ወደ ስኳሩ። ልሙጥ የሻይ ማንኪያ 4 ግራም ያህል ይይዛል፤ የእርስዎ 24 ማንኪያ 96 ግራም መሆኑ ነው፣ ያውም ብስኩቱ ሳይቆጠር። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን 2,000 ካሎሪ ለሚመገብ ሰው ከ50 ግራም በታች ይላል። በየሳምንቱ ከየብርጭቆው ግማሽ ማንኪያ ይቀንሱ፤ በ4 ሳምንት 48 ግራም ላይ ይደርሳሉ፣ ምላስም ሳያኮርፍ ይለምዳል። ማንኪያው ከተከመረ ሒሳቡ ይፈርሳል። ማርም ያው ስኳር ነው። ሻዩን ራሱን በአንድ ቀን አያቁሙ፣ ካፌይን ሲጎድል ራስ ያማል፤ ቀስ በቀስ ሁለቱን ብርጭቆ በጦስኝ ይተኩ፣ አገሩ የጦስኝ አገር ነው።

አምሮቱ ሲነሣ 20 ደቂቃ ከጓዳው ይራቁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ይበርዳል።

ከበሉ በኋላ ለማስመለስ የሚሞክሩ፣ የስኳር በሽታ መድኃኒት የሚወስዱ ወይም ውኃ ጥምና ሽንት የበዛብዎ ከሆነ ግን ይህን ሳይጀምሩ ሐኪም ይዩ።