ምጥን መፍራት የእምነት ጉድለት ነውን?

እህቴ፣ ምጥን መፍራትሽና የሕመም ማስታገሻ ለመውሰድ ማሰብሽ በእግዚአብሔር አለመታመን እንደሆነ ጠይቀሻል። በእኔ እምነት አይደለም፤ ይህን ሸክም የጫነብሽ ሰው ካለም ከባድ በደል ፈጽሟል።

ብዙዎች የሚጠቅሱት ዘፍጥረት 3፥16 «በጭንቅ ትወልጃለሽ» ሲል ከውድቀት በኋላ በሰው ልጅ ላይ የደረሰውን መከራ ይናገራል እንጂ ሴት ሕመምን መፈለግ እንዳለባት አያዝዝም። በዚያው ምዕራፍ ምድር እሾህና አሜከላ እንደምታበቅል ተነግሯል፤ ሆኖም እሾህ የሚነቅል ገበሬ በእግዚአብሔር ላይ ዐመፀ የሚል የለም። እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር በ1847 ስኮትላንዳዊው ሐኪም ጄምስ ያንግ ሲምፕሰን ለወላዶች ክሎሮፎርም የተባለውን ሰመመን የሚያመጣ መድኃኒት መስጠት በጀመረ ጊዜ፣ በሃይማኖት ስም ለሚቃወሙት ሰዎች እግዚአብሔር የአዳምን ጎን ከመክፈቱ በፊት ከባድ እንቅልፍ እንደጣለበት (ዘፍጥረት 2፥21) አስታውሷቸው ነበር።

ፍርሃትን በተመለከተ፣ ጌታችን ራሱ በጌቴሴማኒ ተጨንቋል፤ ጽዋው እንዲያልፍለትም ያለ ኀፍረት ለምኗል። በዮሐንስ 16፥21 ስለምትወልድ ሴት ሲናገርም ጭንቀቷን እንደ እውነተኛ ጭንቀት ይቀበላል እንጂ አይገሥጻትም፤ ይህ እኔን ሁልጊዜ በጥልቅ የሚነካኝ ቃል ነው። ስለዚህ ጸሎትሽ «አልፈራም» በሚል ቃል መጀመር የለበትም፤ «ፈርቻለሁና አብረኸኝ ሁን» ማለትም እምነት ነው።

ፍርሃት ሰውነትን ስለሚያወጣጥር ሕመሙን ሊያባብሰው ይችላልና፣ የሚያስፈራሽን ነገር ለአዋላጇ አስቀድመሽ በግልጽ ንገሪያት፤ ስለ ማስታገሻው ጥቅምና ጉዳትም ጠይቂያት፤ የምታምኚው ሰው በምጥሽ ጊዜ ከጎንሽ እንዲሆን ከወዲሁ አሳስቢ።