ብቻቸውን የሚኖሩት ጎረቤትዎ እና «ራሳቸው ይምጡ» ያለው ቢሮ

እህታችን፣ ጥያቄዎን ደጋግሜ አነበብኩት። በሕንፃችሁ ውስጥ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ዐይናቸው የደከመ አንዲት እናት እንዳሉ፣ ከቤት መውጣት ካቆሙ ወራት እንዳለፉ፣ በበራቸው ሥር የገቡ ደብዳቤዎች ሳይነሡ እንደሚታዩ ጽፈዋል። እርስዎና ሁለት ጎረቤቶች ወደ ማኅበራዊ አገልግሎት ቢሮ ሄዳችሁ «ባለጉዳይዋ ራሳቸው ይምጡ» ተብላችሁ ተመልሳችኋል፤ እሳቸው ደግሞ «ምንም አልቸገረኝም» ይላሉ። ገንዘብ ማዋጣት መጀመራችሁንም ጠቅሰው፣ መንገዱ ይህ እንደሆነና እንዳልሆነ ጠይቀዋል። እኔ አረጋውያንንና አካል ጉዳተኞችን ቤታቸው ድረስ እየሄደ በሚጠይቅ የበጎ ፈቃደኞች ቡድን ውስጥ ለ11 ዓመታት ሠርቻለሁ፤ የምመልሰውም እዚያ ካየሁት ተነሥቼ ነው።

በእነዚህ ዓመታት ካየኋቸው ችግረኞች ብዙዎቹ የተጎዱት አገልግሎት ጠፍቶ አይደለም። አገልግሎቱ ነበረ፤ የጎደለው ከቢሮው ጠረጴዛ እስከ ሰውየው በር ያለውን መንገድ አብሮ የሚሄድ ሰው ነበር። በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የከፋ ድህነትና የሰብአዊ መብቶች ልዩ ራፖርተር (ጉዳዩን መርምሮ ሪፖርት የሚያቀርብ ባለሙያ) የነበሩት ኦሊቪየ ደ ሹተር እ.ኤ.አ. በ2022 ያቀረቡት ሪፖርት ትኩረቱን ያደረገው በዚሁ ጉዳይ፣ ማለትም የሚገባቸውን ድጋፍ ሳያገኙ በሚቀሩ ሰዎች ላይ ነው። መብቱ መኖሩን አለማወቅ፣ የማመልከቻው ሂደት መወሳሰብ፣ ቢሮ ሄዶ መንገላታትና ኀፍረት በምክንያትነት ከተነሡት መካከል ናቸው። እኔም በየቤቱ ያገኘሁት እነዚህኑ ነው። ስለዚህ የእናታችን ዝምታ «አልፈለጉም» ተብሎ መዝገቡ የሚዘጋበት ማስረጃ ሊሆን አይገባም።

«ምንም አልቸገረኝም» የሚለውን መልስ በጥንቃቄ ይስሙት። አንዲት አዛውንት ለወራት ይህንኑ ሲነግሩን ቆዩ። ቤታቸው የጸዳ፣ ልብሳቸውም የተተኮሰ ነበር። አንድ ቀን መጋረጃ እንድሰቅልላቸው ጠይቀውኝ ወደ መስኮቱ ስጠጋ፣ ደፉ ላይ በትንሽ ብርጭቆ ውስጥ በቢላ ለሁለት የተከፈሉ ኪኒኖች አየሁ። የደም ግፊት መድኃኒታቸው ነበር። ሐኪም በቀን አንድ ሙሉ ያዘዘላቸውን፣ ወሩን እንዲያዳርስላቸው እያሉ ግማሽ ግማሹን ይወስዱ ነበር። መድኃኒቱን በነፃ የሚያገኙበት የማመልከቻ ቅጽ በዚያው ክፍል መሳቢያ ውስጥ ማንም ሳይሞላው ለሁለት ዓመት ተቀምጦ ነበር፤ ፊደሉ ደቃቅ ስለሆነ ማንበብ አልቻሉም፣ «አንብቡልኝ» ብሎ ሰው ማስቸገር ደግሞ ከበዳቸው። ለእኚህ እናት «አልቸገረኝም» ማለት ውሸት አልነበረም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ራሳቸውን ችለው የኖሩ ሰው፣ ያ ኑሯቸው እንዳይፈርስባቸው የያዙት ምርኩዝ ነበር።

ከእንዲህ ዓይነቱ እምቢታ በስተጀርባ አብዛኛውን ጊዜ ፍርሃት አለ። አንዳንዱ ከቤቴ አውጥተው ወደ አረጋውያን መጦሪያ ይወስዱኛል ብሎ ይፈራል፤ ሌላው ልጆቼ ሰምተው ያፍራሉ ይላል፤ ሌላው ጉዳዬ የሰፈር ወሬ ይሆናል ብሎ ይሰጋል። የፍርሃቱን ዓይነት ሳያውቁ የሚቀርብ እርዳታ ፍርሃቱን ራሱን ያጸናዋል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ጉብኝቶች ቅጽና ወረቀት ይዛችሁ አትግቡ። ሦስት ሆናችሁም አትሂዱ፤ ቀድሞ የሚያውቋቸው አንድ ሰው፣ ቢበዛ ሁለት ይበቃል። «ችግርዎ ምንድን ነው?» ብሎ ከመጠየቅ «ትናንት እንዴት ዋሉ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል፤ ምክንያቱም የመጀመሪያው ጥያቄ መልሱ «ምንም» ነው፣ ሁለተኛው ግን ሌሊት ስንት ጊዜ እንደተነሡ፣ ምድጃ መለኮስ ለምን እንደተዉ፣ ደረጃውን ከወረዱ ስንት ጊዜ እንደሆናቸው ቀስ በቀስ ያወጣል። ሰው ስለ ችግሩ ባይናገርም ስለ ዋለበት ቀን ይናገራል።

እኔ ይህን የተማርኩት ሰው አሳዝኜ ነው። ሥራውን በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት፣ እግራቸው ለሚያማቸው አንድ አባት የድጋፍ ማመልከቻ ራሴ ሞልቼ፣ ምስክር እንዲሆኑ ሁለት ጎረቤቶቻቸውን አስከትዬ ቤታቸው ገባሁ። ሰው ፊት እምቢ ማለት ነውር ሆኖባቸው ፈረሙ። ብዕሩን ሲመልሱልኝ ዐይኔን አላዩኝም። በማግስቱ ስመለስ በሩ አልተከፈተም፤ ለአራት ወራትም ሳይከፈት ቆየ። እየረዳኋቸው መስሎኝ ያደረግኩት ነገር ችግራቸውን በጎረቤቶቻቸው ፊት ማንበብ ነበር። ከዚያ ወዲህ ፈቃድን የምጠይቀው ብቻቸውን ሲሆኑ ነው፤ ለእያንዳንዱ ነገርም ለየብቻ እጠይቃለሁ። ለሐኪም ጉዳይ የተሰጠ ፈቃድ ለልጃቸው ስልክ ለመደወል አይሆንም።

ወደ ቢሮው ልምጣ፤ ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ጋ ነውና። «ራሳቸው ይምጡ» የሚለው መልስ በአፍ የተሰጠ እስከሆነ ድረስ የመጨረሻ ውሳኔ አድርጋችሁ አትውሰዱት። እናታችን ከፈቀዱ፣ ሁለት ነገሮችን በጽሑፍ ጠይቁ። አንደኛው፣ ከቤት መውጣት ለማይችል አመልካች ባለሙያ ቤቱ ድረስ ሄዶ ሁኔታውን የሚያጣራበት አሠራር መኖሩን ነው። ሁለተኛው፣ በፊርማቸው ወይም በጣት አሻራቸው የፈቀዱለት ሰው ስለ እሳቸው ጉዳዩን መከታተል ይችል እንደሆነ ነው። ማመልከቻው ገቢ መደረጉን የሚያሳይ ቁጥርና ቀን ሳትቀበሉ አትውጡ፤ ያነጋገራችሁን ሠራተኛ ስምም በማስታወሻ ያዙ። እኛን አንድ ቢሮ ሦስት ጊዜ በአፍ መልሶን፣ በአራተኛው በጽሑፍ አመልክተን ቁጥር በተቀበልን በዘጠነኛው ቀን ባለሙያ ልኳል። ሠራተኞቹ ክፉዎች አልነበሩም፤ ወረቀት ላይ ያልሰፈረ ጉዳይ ግን ጠያቂ የለውም። አልተቀበልንም ከተባላችሁም ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቁ፤ ይግባኝ የሚባለው እሱን ይዞ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽን (ዓለም አቀፍ ስምምነት) በአንቀጽ 12 ላይ፣ አካል ጉዳተኞች ከሌሎች እኩል ሕጋዊ ችሎታ፣ ማለትም በራሳቸው ጉዳይ በሕግ ፊት የመወሰን ችሎታ እንዳላቸውና ያንን ችሎታ ለመጠቀም የሚያስፈልጋቸውን ድጋፍ እንዲያገኙ መንግሥታት እርምጃ መውሰድ እንዳለባቸው ይደነግጋል። ይህን የማነሣው ለቢሮው ብቻ ሳይሆን ለእኛም ስለሚሠራ ነው። ዐይን መድከሙ ሌላ ሰው እንዲወስንላቸው ምክንያት አይሆንም፤ የሚያስፈልገው የሚያነብላቸው ነው እንጂ የሚወስንላቸው አይደለም።

ማመልከቻው ላይ «በጣም ተቸግረዋል» ብላችሁ አትጻፉ፤ እንዲህ ያለ ዐረፍተ ነገር ለገምጋሚው ምንም አይነግረውም። «ከአልጋ ወደ መጸዳጃ ቤት የሚሄዱት ግድግዳ ይዘው ነው፤ ባለፈው ወር ሁለት ጊዜ ወድቀዋል፤ የመድኃኒት ጠርሙሶቻቸውን የሚለዩት በመጠናቸው ነው» ብላችሁ ጻፉ። ባለሙያው በሚመጣበት ቀን ደግሞ፣ እሳቸው ደስ ካላቸው አብራችሁ ሁኑ። አረጋውያን እንግዳ ሲመጣ ደህናውን ልብስ ለብሰው፣ ቤቱን አዘጋጅተው፣ ለጥያቄው ሁሉ «እችላለሁ» ብለው ሲመልሱ፣ በዚህም ምክንያት ድጋፍ ሳያገኙ ሲቀሩ ከአንድ ጊዜ በላይ አይቻለሁ። ቀደም ባለው ቀን «ነገ የሚጠየቁት በደህናው ቀንዎ ስለሚችሉት ሳይሆን በከፋው ቀንዎ ስለሚሆነው ነው» ብሎ በእርጋታ ማስረዳት ብዙ ይለውጣል።

ስለ መዋጮው ያለኝን ሐሳብ በግልጽ እናገራለሁ። ለድንገተኛ ነገር የተዋጣ ገንዘብ ጥሩ ነው፤ ወርኃዊ ኑሮን በመዋጮ ለመሸፈን መነሣት ግን ብዙ ጊዜ አይዘልቅም። ከተወሰኑ ወራት በኋላ የሚያዋጣው ሰው ይቀንሳል፤ እሳቸውም ባለዕዳ ሆነው ስለሚሰማቸው ጎረቤት ሲያዩ መሸሽ ይጀምራሉ። ከዚህም ሌላ፣ ድጋፍ የሚሰጠው ገቢ ተጣርቶ በሚሆንበት ቦታ በየጊዜው የሚሰጥ ጥሬ ገንዘብ እንደ ገቢ ሊቆጠር ስለሚችል አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። እኔ ብሆን የተሰበሰበውን በቤቱ ውስጥ አደጋ ለሚቀንሱ ነገሮች አውለው ነበር፦ ለደመቀ አምፖል፣ ለማጉያ መነጽር፣ በመታጠቢያ ቤት ግድግዳ ላይ ለሚመታ መያዣ ብረት። የአልጋ ጠርዝና የበር ደፍ ላይ የሚለጠፍ ደማቅ ቀለም ያለው ፕላስተር እንኳ ዐይኑ ለደከመ ሰው መውደቅን ይቀንሳል።

ከገንዘቡ ይልቅ የሚያሳስበኝ በራቸውን በመደበኛነት የሚያንኳኳ ሰው መኖሩ ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1995 በአሜሪካዋ ቺካጎ በተከሰተ የሙቀት ማዕበል ከ700 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከሟቾቹ ብዙዎቹ ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን ነበሩ። በኋላ የተደረገ የሶሺዮሎጂ ጥናት ኖርዝ ላውንዴልና ሳውዝ ላውንዴል የተባሉ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሰፈሮችን አነጻጽሮ ነበር። ብቻቸውን የሚኖሩና ድሆች የሆኑ አረጋውያን በሁለቱም ነበሩ፤ ሆኖም አረጋውያን ወጥተው ሰው በሚያገኙበት፣ ጎዳናው ሕይወት ባለው ሰፈር የሞቱት በብዙ እጥፍ ያነሱ ነበሩ። ፈረንሳይም እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2003 ወደ 15,000 የሚጠጉ ሰዎችን በሙቀት ካጣች በኋላ፣ በቀጣዩ ዓመት ባወጣችው ሕግ ከንቲባዎች በቤታቸው የሚኖሩ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች በፈቃዳቸው የሚመዘገቡበት መዝገብ እንዲይዙ አድርጋለች፤ አደጋ ሲመጣ የሚደወለውና በር የሚንኳኳው በዚያ መዝገብ መሠረት ነው። በእናንተ አካባቢ ተመሳሳይ መዝገብ ካለ ለማስመዝገብ ፈቃዳቸውን ጠይቁ። ከሌለ ግን በሕንፃችሁ ውስጥ አንድ ደብተር ለዚህ ይበቃል።

ጃፓን ውስጥ ሚንሴይ ኢይን የሚባሉ፣ ደመወዝ የማይከፈላቸው የሰፈር የበጎ አድራጎት ሠራተኞች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1917 በኦካያማ የተጀመረው ይህ አሠራር በ1948 የራሱ ሕግ ወጥቶለታል። እያንዳንዳቸው በሰፈራቸው የሚከታተሏቸው ቤተሰቦች አሏቸው፤ የሥራ ዘመናቸው ሦስት ዓመት ነው፤ የሰሙትንም በምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለባቸው። እኔ ከዚህ አሠራር የምወስደው ሦስት ነገር ነው፦ ኃላፊነቱ የአንድ የታወቀ ሰው መሆኑን፣ ጊዜው የተወሰነ መሆኑን፣ ወሬ አለመውጣቱን። እናንተም ሦስት ስለሆናችሁ ቀናቱን ተከፋፈሉ፤ ከእናንተ ለአንዱ ብቻ ዋናውን ኃላፊነት ስጡት፤ በደብተሩ ላይ የሚጻፈውም ቀንና የሚደረግ ነገር ብቻ ይሁን እንጂ የቤተሰብ ምስጢር አይሁን። ልትጠብቁት የማትችሉትን ቃልም አትግቡ። «በየቀኑ እመጣለሁ» ብሎ በሳምንቱ ከሚጠፋ ሰው ይልቅ፣ «ማክሰኞ ማክሰኞ እመጣለሁ» ብሎ በቀኑ የሚገኝ ሰው ለብቸኛ ሰው ይበልጣል። ሁላችሁም ትደክማላችሁ፤ ደክሞኛል የሚል ሰው ሳይወቀስ ተራውን የሚለቅበት ሥርዓት ከመጀመሪያው ይኑራችሁ።

ፈቃድ እስኪገኝ የማይጠበቅባቸው ጊዜያት እንዳሉም ልጨምር። ወድቀው መነሣት ካልቻሉ፣ ትናንት ደህና የነበሩት ዛሬ በድንገት ቦታና ጊዜ ከተምታታባቸው፣ ወይም ሰው እየመታቸውና ገንዘባቸውን እየወሰደባቸው መሆኑን ካያችሁ ለድንገተኛ ሕክምና ወይም ለሚመለከተው አካል ወዲያውኑ አሳውቁ። በተለይ ድንገተኛ መምታታትን «እርጅና ነው» ብላችሁ አትለፉት፤ ብዙ ጊዜ ኢንፌክሽን፣ የውኃ እጥረት ወይም የመድኃኒት ችግር ምልክት ነው፤ በጊዜ ከታከመም ሊድን ይችላል።

ከሁሉ አስቀድመው ግን በበሩ ሥር ያሉትን ደብዳቤዎች ያስቡባቸው። ከእነዚያ መካከል በተወሰነ ቀን ካልተመለሰ ድጋፍ የሚያቋርጥ የእድሳት ቅጽ፣ የሐኪም ቀጠሮ ወይም የቤት ጉዳይ ማስጠንቀቂያ ሊኖር ይችላል፤ እኔ ያየሁት ከባዱ ጉዳት የመጣው ጊዜው ካለፈበት እንዲህ ካለ ወረቀት ነው። በዚህ ሳምንት ከእናንተ እሳቸው በደንብ የሚያውቁት አንድ ሰው ብቻውን ይሂድና «ደብዳቤዎቹን ላንብብልዎት?» ይበል። ከፈቀዱ እያንዳንዱን ድምፅ አውጥቶ ያንብብላቸው፤ ፖስታውን የሚከፍቱት እሳቸው ይሁኑ፤ የቀኑ ገደብ የተጻፈበትን ለብቻ ያስቀምጥላቸው፤ ሌላውንም ከእጃቸው ሳይወስድ በቦታው ይመልስ። ምን እንደተገኘ እሳቸው ለሰው ይነገር ካሉና ምክር ካስፈለጋችሁ፣ ስማቸውን ሳትጠቅሱ እዚሁ ጻፉልኝ፤ ቅጹን አብረን እናየዋለን።