«ልዩ ልዩ» የሚባል መድኃኒት የለም

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ። የምጽፍልዎት ከአዘዞ ነው፣ አስተማሪ ነኝ። እናቴ ቆላ ድባ በራሷ ቤት ብቻዋን ትኖራለች። ስኳርና ደም ግፊት ከያዛት ዘጠኝ ዓመቷ ነው። በጥቅምት እግሯ ላይ ቁስል ወጥቶ ሲከፋባት ደንግጠን ወደ ጎንደር አመጣናትና አንድ የግል ሆስፒታል አስተኛናት። ሰኞ ገብታ በሚቀጥለው ሳምንት ረቡዕ ወጣች። መርፌው በቀን ሁለቴ ነበር፣ በስድስተኛው ቀን ወደ ኪኒን ቀየሩላት። ሒሳቡ 46,300 ብር መጣ። ግማሹን ከዕድርና ከጓደኛ ተበድሬ ከፈልኩ፤ ቀሪውን በወር ውስጥ እከፍላለሁ ብዬ ፈርሜያለሁ። ቁስሉ ገና አልደረቀም፣ የየወሩ መድኃኒትም አለ። እኔ የመንግሥት ሠራተኛ ስለሆንኩ ጤና መድን አይመለከተንም ብለን አላወጣንላትም። የሒሳቡን ፎቶ ልኬልዎታለሁ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ እናትሽን እግዜር ይማርልሽ። የላክሽውን ወረቀት መነጽሬን ወልውዬ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሃያ ሁለት ዓመት የሆስፒታል ገንዘብ ተቀባይ ሆኖ መስኮት ሥር የተቀመጠ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ቁጥሩን ነው።

አልጋ፣ 11 ቀን፣ በ900 ብር ይላል። ከሰኞ እስከ በሚቀጥለው ሳምንት ረቡዕ ሌሊቱን ብትቆጥሪ 9 ነው። የገባችበትንም የወጣችበትንም ቀን ደምረሽ ብትቆጥሪ 10 ነው። አሥራ አንደኛው ከየት መጣ? ወረድ ስትይ ሴፍትሪያክሶን፣ ያው መርፌዋ፣ 24 ብልቃጥ ይላል። በቀን ሁለቴ ከሆነና በስድስተኛው ቀን ከቆመ 12 ቢሆን ነው። ይኸን በሥራ ዘመኔ ደጋግሜ አይቼዋለሁ፦ መድኃኒቱ ለሙሉ ሳምንቱ ተብሎ ከመድኃኒት ክፍል ይወጣል፣ ሐኪሙ ትእዛዙን ይቀይራል፣ የተረፈው ይመለሳል፣ ከሒሳቡ ላይ ግን የሚቀንሰው ሰው የለም። ሌብነት ነው አልልም፣ ብዙውን ጊዜ ስንፍና ነው። ለኪስሽ ግን ያው ነው። ከሥር ደግሞ «ልዩ ልዩ 4,200» ተብሎ ተጽፏል። እኔ «ልዩ ልዩ» የሚባል መድኃኒት አላውቅም።

እንግዲህ ቀሪውን ከመክፈልሽ በፊት ሂጂ። መስኮት ላይ ካለችው ልጅ ጋር አትጣይ፣ እሷ ኮምፒውተሩ ያወጣውን ነው የሰጠችሽ። የፋይናንስ ኃላፊውን ጠይቂና «ሒሳቡ ነርሶቹ መድኃኒት በሰጡ ቁጥር ከሚፈርሙበት ቻርት ጋር ይመሳከርልኝ» በይ። ድምፅሽን ዝቅ፣ ወረቀትሽን ከፍ አድርጊ። የተስማማችሁበት ቅናሽ በጽሑፍ ይሁን። አንድ ወር ካጠረሽም በየደመወዝሽ የምትከፍይውን መጠን ጽፈሽ አቅርቢ፤ ጨርሶ ከሚጠፋ ባለዕዳ በየወሩ የሚከፍል ይሻላቸዋልና ብዙ ጊዜ ይቀበላሉ።

መካሪው እኔም ብሆን አልዳንኩም። ባለቤቴ የሐሞት ጠጠር ታማ አልትራሳውንድ አስነሳኋት፣ ውጤቱን ቤት መሶብ ላይ ረስቼው ሐኪም ዘንድ ደረስን። ወደ ቤት ተመልሶ መምጣት ሰለቸኝና እዚያው አጠገብ ካለው ምርመራ ቤት በድጋሚ አስነሳኋት። ያው ጠጠር፣ ያው መጠን፣ ሁለት ክፍያ። ከዚያ ወዲህ የቤታችን የሕክምና ወረቀት በሙሉ አንድ ፌስታል ውስጥ በር ላይ ተሰቅሎ ነው የሚያድረው። የእናትሽንም እንደዚያ አድርጊው፤ ሐኪም «እንደገና ይታይ» ሲል «የባለፈው ይኸው፣ ይበቃል ወይስ የግድ ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም።

አሁን ወደ ጤና መድኑ ልምጣ። የተሳሳታችሁት እዚህ ላይ ነው። ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የማይመለከተው ደመወዝተኛዋን አንቺን ነው፤ ለእናንተ ለሠራተኞቹ በ2002 ዓ.ም. ሌላ አዋጅ ወጥቶ ነበር፣ ከዓመት ዓመት ሲጓተት ኖረ። እናትሽ ግን በራሷ ቤት የምትኖር አባወራም እማወራም እሷው ናት፣ በቀበሌዋ መመዝገብ ትችላለች። ይኸ መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር ከእኛ ክልል ፎገራ አንዷ ነበረች። የፎገራዋ ወረታ ሰው ሩዙን ሸጦ የመድን መታወቂያ ሲያወጣ እኛ እዚህ ፒያሳ ቡና እየጠጣን «ሳይታመሙ መክፈል ሟርት ነው» እያልን እንስቅ ነበር። ሳቁ ኋላ ወደኛው ዞረ።

ምዝገባው ዓመቱን ሙሉ ክፍት አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ መኸር ከተሰበሰበ በኋላ ነው፣ ከተከፈለም በኋላ አገልግሎቱ እስኪጀምር የመጠበቂያ ጊዜ አለው። ስለዚህ ዛሬውኑ ቆላ ድባ ደውለሽ የሚከፈትበትን ቀን ጠይቂ። የሚከፈለው በቤተሰብ ነው፣ ለታመመው ሰው ብቻ አይሸጥም። እጅግ ለተቸገሩት መንግሥት የሚከፍልበት መንገድ አለ፤ ዝርዝሩን ቀበሌ ነው የሚያጣራው። እናትሽ ግን መሬትም በሬም ካላት ያንን ወረፋ አታጣብቢ።

የመድኑን መታወቂያ ካወጣችሁ በኋላ ደግሞ ቅደም ተከተሉን ጠብቁ። መጀመሪያ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ ሪፈር፣ ከዚያ ሆስፒታል። ድንገተኛ ካልሆነ በቀር ሪፈር ሳይዝ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል የሄደ አባል የወጪውን ግማሽ ከኪሱ ይከፍላል። ከመድኑ ጋር ውል የሌለው የግል ሆስፒታል ከገባ ደግሞ ሙሉውን። ስንቱ ሰው ሁለት ቀን ጤና ጣቢያ መሰለፍ ታክቶት በሬውን እንደሸጠ መስኮቴ ላይ አይቻለሁ። የቁስል ማጠብና ማሸጉም ቢሆን ሐኪሙ ከፈቀደ ቆላ ድባ ጤና ጣቢያ ይሠራል፤ በየሁለት ቀኑ ጎንደር ማመላለሱ ትራንስፖርቱ ብቻ ያደክማችኋል።

ስለ የየወሩ መድኃኒት አንድ ነገር ብቻ። ማዘዣው ላይ ግሉኮፋጅ ተብሎ ከተጻፈ ያ የአንድ ፋብሪካ የንግድ ስም ነው። መድኃኒቱ ሜትፎርሚን ይባላል፣ ሌሎች ፋብሪካዎችም ይሠሩታል፣ ዋጋው ብዙ ይለያያል። ሐኪሙን «በመድኃኒቱ ስም ይጻፉልኝ» በይው፤ ቀጥሎ ከመግዛትሽ በፊት የመንግሥት ጤና ተቋሙን መድኃኒት ቤት ጠይቂ። አባል ሆና ከተቋሙ ከጠፋ ማዘዣው ላይ «የለም» የሚል ማኅተም አስመቺና የገዛሽበትን ደረሰኝ ያዢ፣ የወረዳው ጤና መድን ይመልስ እንደሆነ እዚያው ይነግሩሻል። ማኅተም የሌለው ደረሰኝ ግን ለቡና መቁያ ነው።

ጥያቄ፦ ልጄን ባጃጅ ገጭቶት እግሩ ተሰብሯል። ባጃጁ አምልጧል። ሆስፒታል ገንዘብ ያስይዙ እያሉኝ ነው፤ ማን ይከፍላል? (ከማራኪ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ በ2005 ዓ.ም. የወጣው የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ፣ ቁጥር 799፣ ለእንደዚህ ያለው ነገር ነው። ተሽከርካሪ የገጨው ሰው አስቸኳይ ሕክምና እንዲያገኝ ያዛል፤ አዋጁ ሲወጣ የሚሸፈነው የሕክምና ወጪ እስከ 2,000 ብር ነበር። ገጪው ካልታወቀ ወይም መድን ከሌለው ደግሞ ለጉዳቱ የሚከፍል የመድን ፈንድ አለ። ነገር ግን ሁሉም የሚጀምረው ከትራፊክ ፖሊስ ወረቀት ነው። ልጁ ሆስፒታል ተኝቶ እርስዎ አልጋው ሥር ሲጨነቁ ሁለት ሳምንት ካለፈ ቦታውን ያየ ሰው ይበተናል። ስለዚህ ሌላ ዘመድ አጠገቡ ይቀመጥ፣ እርስዎ ዛሬ ፖሊስ ጣቢያ ይሂዱ። ቆሞ ያየ ባለሱቅ ወይም ሊስትሮ ካለ ስሙንና ስልኩን ይያዙ፣ ሰሌዳውን በግማሽም ቢሆን ያስታወሰ ካለ ያስመዝግቡት።