ካንሰር ያለበት ኩላሊት ለምን ይተዋል?

ጥያቄ፦ አባቴ 61 ዓመታቸው ነው። ግራ ኩላሊታቸው ላይ 3.5 ሴንቲ ሜትር ዕጢ በሲቲ ስካን ታየ። ሐኪሙ ዕጢው ብቻ ተቆርጦ ኩላሊቱ እንደሚተርፍ ነገራቸው። አጎቴ ግን «ካንሰር ብረት ከነካው ይሰራጫል» ብሎ አስፈራቸው፤ አራት ወር ሙሉ ቅጠል እየጠጡ ነው። ኩላሊቱ ካልወጣ ካንሰሩ ውስጡ አይቀርም?

መልስ፦ እህቴ፣ የጠየቅሽው ስለ ኩላሊት ቢሆንም የጨነቀሽ አባትሽን ማጣት እንደሆነ ይገባኛል። በዚህ መጠን፣ ከኩላሊት ሳይወጣ የተደረሰበት ካንሰር አብዛኛውን ጊዜ በቀዶ ሕክምና ይድናል። እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ዕጢ የሚመረጠውም ሐኪማችሁ ያለው ነው። እዚያው ኩላሊት ላይ የሚመለስባቸው ከመቶ ጥቂት ሰዎች ናቸው። በ541 ሕሙማን ላይ ሁለቱ ቀዶ ሕክምናዎች፣ ሙሉ ኩላሊቱን ማውጣትና ዕጢውን ብቻ ማውጣት፣ ሲነጻጸሩ፣ በክትትሉ ጊዜ ከሞቱት 117 ሰዎች ኩላሊት ካንሰር የገደላቸው 12 ብቻ ነበሩ። የኩላሊት አቅማቸው የቀነሰው ደግሞ ሙሉው ከወጣላቸው ከመቶ 86፣ ዕጢው ብቻ ከወጣላቸው 65 ነበሩ።

የብረቱን ነገር ስንቴ ሰማሁት! ሰው ሽንቱ ሲቀላ «አያመኝም» ብሎ ይደብቃል። ዓመት ቆይቶ ሲመጣ ካንሰሩ ሳንባው ደርሷል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሲሞት ለቅሶ ቤት «ብረት ነካው» ይባላል። ብረቱ የደረሰው ግን ካንሰሩ ከተሰራጨ በኋላ ነው። ቀዶ ሐኪሙ ወደ ኩላሊቱ የሚገባውን የደም ቧንቧ በመቆንጠጫ ይይዛል፤ ዕጢውን ሳይቀደድ፣ ከዙሪያው ስስ ጤነኛ ሥጋ ጋር ቆርጦ ያወጣል፤ ሰፍቶ ደሙን ይለቃል። ኩላሊት ያለ ደም ብዙ አይቆይምና ይህን በግማሽ ሰዓት ውስጥ ለመጨረስ ይጣደፋል። የወጣው ሥጋ ወደሚመረመርበት ክፍል (ፓቶሎጂ) ሄዶ ጠርዙ ከካንሰር ንጹሕ መሆኑ በማይክሮስኮፕ ይታያል። «ይሰራጫል» የሚባለው ብረት ይህ ነው።

ቅጠሉን ግን ዛሬውኑ ያቁሙ። አራት ወር! አንዳንዱ ቅጠል ጤነኛውንም ኩላሊት ይጎዳል። ለወገብ ሕመም ከፋርማሲ ዲክሎፌናክ እየገዙ መዋጥም አይገባም፤ ልናተርፍ የምንደክምለትን ኩላሊት ነው የሚያጠፉት።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ፣ ቤት ከገቡ ሁለት ሳምንት ቢሆናቸው እንኳ፣ ሽንታቸው ደም ከመሰለ ወይም ራሳቸውን ካዞራቸው በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ውሰጃቸው። ሌላው በየጊዜው በሲቲ ስካንና የኩላሊትን አቅም በሚያሳየው የክሬቲኒን የደም ምርመራ ይታያል።

የአራት ወሩ ሲቲ ስካን አርጅቷል። በዚህ ሳምንት ሄደው አዲስ ይነሱ፤ አንቺም አብረሻቸው ግቢ፣ አጎትሽንም ይዘሽው ሂጂ።