አሮጌ አምፕሊፋየር በአዲስ ሬዲዮ ሲታዘዝ

ከማሪላንድ የጻፉልኝ የአማተር ሬዲዮ ባለፈቃድ እንዲህ ይጠይቃሉ፦ «ያገለገለ የሂትኪት ኤስቢ-220 አምፕሊፋየር ገዛሁ። አዲሱ ሬዲዮዬ አምፕሊፋየር የሚያዝበት መውጫ ከኋላው አለው። መመሪያው ግን ከ16 ቮልትና ከ0.5 አምፔር እንዳያልፍ ያስጠነቅቃል። በቀጥታ ባገናኛቸው ምን ይደርሳል?»

እባክዎ አያገናኟቸው። በዚያ አምፕሊፋየር የማዘዣ መስመር ላይ፣ ማለትም ሬዲዮው ሲያሰራጭ «ኃይሉን አጉላ» ብሎ በሚያዝበት ሽቦ ላይ፣ ከ100 ቮልት በላይ ዲሲ አለ። የጥንቶቹ ሬዲዮዎች መስመሩን የሚዘጉት በሪሌይ (በኤሌክትሪክ በሚሳብ ማብሪያ) ስለነበር ይችሉታል። የእርስዎ ሬዲዮ የሚዘጋው በትንሽ ትራንዚስተር ነው፤ ይህን ቮልቴጅ አንድ ጊዜ እንኳ ላይቋቋም ይችላል።

መፍትሔው በመካከል ትንሽ የ12 ቮልት ሪሌይ ማስገባት ነው። ሬዲዮው ትንሹን ሪሌይ ያዛል፤ የትንሹ ሪሌይ ንክኪ የአምፕሊፋየሩን መስመር ከሻሲው (ከብረት አካሉ) ጋር ያገናኛል። ንክኪው ቢያንስ 150 ቮልት ዲሲ የሚችል ይሁን።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ይኸው ቦታ ነው። ንክኪውን የሚስበው የትንሹ ሪሌይ የሽቦ ጥቅልል 300 ኦም ቢሆን የሚስበው 40 ሚሊአምፔር ብቻ ስለሆነ፣ ሲበራ ምንም ችግር የለም። አደጋው ሲጠፋ ነው። ጥቅልሉ በውስጡ ያጠራቀመው ኃይል ድንገት መውጫ ሲያጣ ቮልቴጁ በቅጽበት ወደ መቶዎች ይዘላል፤ ያ ሁሉ ትራንዚስተሩ ላይ ያርፋል። ስለዚህ ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ 1ኤን4007 ዳዮድ በጥቅልሉ ሁለት ጫፎች ላይ ይበየዱ፤ ቀለበት ያለበት ጫፍ ወደ ፖዘቲቭ። ዳዮዱ ሬዲዮው ጋ ሳይሆን እዚያው ሪሌዩ ላይ ይሁን። ያን ጊዜ ትራንዚስተሩ የሚያየው ከ13 ቮልት እምብዛም አያልፍም። በ12 ቮልቱ መስመር ላይ ትንሽ ፊውዝ መጨመርዎን አይርሱ፤ ዳዮዱ ተገልብጦ ከተበየደ አጭር ዙር ይሆናልና።

ዳዮዱ ሪሌዩ የሚለቅበትን ጊዜ በጥቂት ሚሊሰከንድ ያዘገያል። ለድምፅ ግንኙነት ይህ ጉዳት የለውም። ይበልጥ የሚያሳስበው የአያያዙ ጊዜ ነው፤ ሁለት ሪሌዮች ተከታትለው እስኪዘጉ ድረስ ሬዲዮው ኃይል መልቀቅ የለበትም፤ አለዚያ የአምፕሊፋየሩ ንክኪዎች በብልጭታ ይቃጠላሉ። ሬዲዮዎ የማሰራጫ ማዘግያ ካለው 25 ወይም 30 ሚሊሰከንድ ላይ ያድርጉት።

የአምፕሊፋየሩን ክዳን አይክፈቱ፤ ይህ ሥራ አያስፈልገውም። በውስጡ ከ2000 ቮልት በላይ አለ፤ ከሶኬት ከተነቀለም በኋላ ሊገድል ይችላል።

ሬዲዮውን ከመሰካትዎ በፊት 12 ቮልቱን አብርተው ወደ ሬዲዮው በሚሄደው ሽቦና በግራውንድ መካከል በመልቲሜትር ይለኩ። 12 ቮልት ገደማ ካሳየ መልካም፤ 100 ካሳየ ሽቦዎቹ ተቀያይረዋል። ቀጥሎ መልቲሜትሩን ወደ ሚሊአምፔር አዙረው በዚያው ሽቦና በግራውንድ መካከል ያስገቡት። ሪሌዩ ቀጭ ብሎ 40 ገደማ ካነበቡ ሬዲዮውን ይሰኩ።